ተመራቂው አዲስ አበባ እንዳይቀር፦ ቀድሞ ከፍሎ ማስፈረም ወይስ ሲሠራ መክፈል?

ጥያቄው፦ «የምሠራው በአንድ ክልል ፋይናንስ ቢሮ ነው። ልጆቻችን አዲስ አበባ ተምረው እዚያው ይቀራሉ፤ እኛ ጋ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስመርቋቸውም ወደዚያው ይሄዳሉ። የበላዮቻችን የአሜሪካ ግዛቶች ተመራቂን ለማስቀረት የሚሰጡትን ማበረታቻ አይታችሁ ረቂቅ አቅርቡ ብለውናል። ትምህርቱን ከፍሎ የአገልግሎት ውል ማስፈረም ይሻላል ወይስ ሥራ ላይ እያሉ መክፈል? ውል ከሆነስ ምን ምን ይግባበት?»

ምላሽ፦

ገንዘቡን ሥራ ላይ ለተገኘ ሰው፣ በሠራው ወር ልክ ክፈሉ። ቀድሞ ከፍሎ ማስፈረም የሚያዋጣው ክልሉ በቁጥር ለሚያውቃቸው ጥቂት ብርቅ ሙያዎች ብቻ ነው፤ ለሰመመን ባለሙያ ወይም ለባዮሜዲካል መሐንዲስ እንበል። ለሁሉም ተመራቂ ካደረጋችሁት ቢሮው ሠራተኛ ሳይሆን ባለዕዳ ያፈራል። ባለዕዳን ማሳደድ ደግሞ የራሱ ደሞዝተኛ፣ የራሱ አበልና የራሱ ዐቃቤ ሕግ ይፈልጋል።

ወደ አሜሪካኖቹ ልለፍ። የእነሱን ዓመተ ምሕረት በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ። ግዛቶቹ የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው፦ ቀድሞ መስጠትና ኋላ መክፈል።

የቀድሞ መስጠት ዋና ምሳሌ ኒውዮርክ ናት። በ2017 ኤክሴልሲየር የሚባል ስኮላርሺፕ ጀመረች። የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ125,000 ዶላር የማይበልጥ ተማሪ በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል። በምላሹ ድጋፉን ባገኘበት ዓመት ቁጥር ልክ ኒውዮርክ ውስጥ መኖር አለበት፤ ሥራ ከያዘም ሌላ ግዛት ውስጥ መቀጠር አይችልም። ግዴታውን ካልፈጸመ የተሰጠው ገንዘብ ወደ ብድር ይለወጣል። ቀደም ብሎ በ2014 የጀመረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ስኮላርሺፕ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን በክፍላቸው ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ ሆነው ለጨረሱ ተማሪዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ አምስት ዓመት በሙያቸው እዚያው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ገንዘቡ ወጥቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራ ሰውየው የት እንደሚኖር ለዓመታት መከታተል ነው። የታክስ መዝገቡ በተደራጀበት አገር እንኳ ይህ ቀላል አይደለም፤ የግል ማህደር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው በፖስታ በሚሄድበት አገር ምን እንደሚመስል እናንተው ታውቁታላችሁ።

የጆርጂያው ሆፕ ስኮላርሺፕ፣ ከ1993 ጀምሮ ያለው፣ ከምረቃ በኋላ ምንም ግዴታ የለውም። ጎበዝ ተማሪ ግዛቱ ውስጥ እንዲማር ያደርጋል፤ እንዲሠራ የሚያስረው ነገር ግን የለም። ረቂቁ ላይ ተመራቂ ማስቀሪያ ተብሎ ሲጠቀስ ካያችሁት ሰርዙት።

ኋላ ከሚከፍሉት ውስጥ ለእኛ የሚቀርበው የሜይን ነው። በ2008 የተጀመረው የታክስ ቅናሽ በመጀመሪያ የታሰበው እዚያው ሜይን ለተማሩ ነበር። በየተመረቁበት ዓመትና በየትምህርት ዘርፉ የተለያየ ሕግ ስለነበረው ሰዎች ቅጹን ለመሙላት ራሱ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ ከ2022 የግብር ዓመት ጀምሮ ወደ አንድ ቀላል ሕግ ተጠቃለለ። የትም ይማር፣ ሜይን ውስጥ እየኖረ ሠርቶ ገቢ ያገኘና የትምህርት ብድሩን የሚከፍል ሰው በዓመት እስከ 2,500 ዶላር፣ በሕይወት ዘመኑ እስከ 25,000 ዶላር ይመለስለታል። ግብሩ ከዚያ ቢያንስ እንኳ ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ ለሄደ ሰው አንድ ሳንቲም አይወጣም። ሁለተኛ፣ መስፈርቱ የት ተወለድክ ሳይሆን የት ትሠራለህ ነው። በረቂቃችሁ «የክልሉ ተወላጅ» የሚል ቃል ለማስገባት የሚገፋ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አታስገቡ። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ጋር ያጋጫችኋል፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ ወረዳችሁ ላይ ሊቀመጥ የተዘጋጀውን መሐንዲስም በገዛ እጃችሁ ትመልሱታላችሁ።

ካንሳስ በ2011 ሰው እየለቀቀባቸው ላሉ የገጠር አውራጃዎቿ ባወጣችው ሕግ፣ እዚያ ሄዶ ለሚኖር ተመራቂ በአምስት ዓመት እስከ 15,000 ዶላር የትምህርት ዕዳ ይከፈልለታል። ግማሹን ግዛቱ፣ ግማሹን አውራጃው ወይም ቀጣሪው ነው የሚያወጣው። ይህ ግማሽ በግማሽ ያልኩት ዋና ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሮድ አይላንድ ደግሞ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በዲዛይን ሥራ ላይ ላሉ እስከ አራት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ትከፍላለች፤ ቦታው ውስን ስለሆነ በውድድር ነው።

ይህን እንዳለ መገልበጥ የማይቻለው የእነሱ ተመራቂ ትልቅ ዕዳ ይዞ ስለሚወጣ ነው። የእኛው ዕዳ ወጪ መጋራት ነው። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየቆረጠ ገቢ ያደርጋል። መምህራን በአገልግሎት የሚያካክሱበት መንገድ እዚያው ደንብ ውስጥ አለ። ዕዳው የፌዴራል ስለሆነ ክልሉ ሊሰርዘው አይችልም። ሊከፍልለት ግን ይችላል። የሜይን መንገድ በእኛ አገር ልብስ ይህ ነው፦ የወጪ መጋራቱን ወርሃዊ ተቆራጭ ሰውየው ክልላችሁ ውስጥ በሠራ ቁጥር መተካት፣ ከዚያም በላይ ከተቻለ መጨመር።

አሁን ወደ ፔሮሉ። ያልተጣራ ደሞዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለስሌት ያህል ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300፣ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ ቀጣዩ 3,000 በ25 በመቶ 750፣ የቀረው 2,000 በ30 በመቶ 600፤ ድምሩ 2,250 ብር። ጡረታ 7 በመቶ 840፣ ወጪ መጋራት 1,200። እጁ ላይ የሚደርሰው 7,710 ብር ነው። እዚህ ላይ 3,000 ብር የማቆያ አበል ብትጨምሩ ገቢው 15,000 ይሆንና ከ14,000 በላይ ያለው በ35 በመቶ ስለሚሰላ ግብሩ ወደ 3,200 ይወጣል። ስለዚህ ከ3,000 ብሩ ከግብር በኋላ የሚደርሰው 2,050 ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ «3,000 ብር» ብላችሁ ጽፋችሁ ሰውየው በመጀመሪያው ወር የደሞዝ ወረቀቱ ላይ ሌላ ቁጥር ካየ፣ ወሬው ከእናንተ ማስታወቂያ ቀድሞ ዶርም ለዶርም ይደርሳል። የተጣራውን ጻፉ።

ፋይናንስ ቢሮ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከክልሉ መንግሥት ሠራተኞችና ከግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሚሰበሰበው የሥራ ግብር የክልሉ ነው። ስለዚህ ከላይ የተቆረጠው 950 ብር ሠራተኛው የክልሉ ከሆነ ተመልሶ ወደ እናንተው ካዝና ይገባል፤ የ3,000 ብሩ አበል እውነተኛ ወጪ 2,050 ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይቀርባችሁ የነበረው 2,250 ብር የደሞዝ ግብር አለ፤ ግን ቦታውን ሌላ ሰው ቢይዘው ያንኑ ግብር ይከፍል ስለነበር ይህን እንደ ትርፍ የምትቆጥሩት መደቡ ያለ ሰው ክፍት በሚቀርበት ቦታ ብቻ ነው። ግብሩን ራሱን እንቀንስ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ክልሎች የግብር ሕጋቸውን ከፌዴራሉ ጋር አስማምተው ስለሚሄዱ ውዝግቡ ከጥቅሙ ይበልጣል። በአበል መልክ ስጡት።

ቀጥሎ ያለው የረቂቃችሁ ዋና ክርክር ይሆናል፤ እስከ ብር ድረስ ልሂድበት። ማበረታቻ ሲሰጥ ትልቁ ብክነት የሚቀር ሰውን እንዲቀር መክፈል ነው። 200 አዲስ ተቀጣሪ አላችሁ እንበል። ምንም ሳትሰጡ ሁለት ዓመት ላይ 120ው የሚቆዩ፣ በወር 3,000 ስትሰጡ 150 የሚቆዩ ከሆነ፣ ለ150ው በዓመት 36,000 ሲባዛ 5.4 ሚሊዮን ብር ታወጣላችሁ። በአበሉ ምክንያት የቀሩት ግን 30 ናቸው፤ አንዱ ተጨማሪ ሰው 180,000 ብር ወጣበት። ያንኑ አበል ከ60 ተቀጣሪ 20 ብቻ በሚቆይባቸው ሩቅ ወረዳዎች ብትወስኑትና 40 ቢቆዩ፣ ወጪው 1.44 ሚሊዮን፣ ተጨማሪው 20 ሰው፣ የአንዱ ዋጋ 72,000 ብር ይሆናል። አበሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። የክልሉ ርእሰ ከተማ ላይ ለሚመደብ ሰው አበል መስጠት የሚያስከፋው ለዚህ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ «ለሁሉም እኩል» የሚል ድምፅ መነሳቱ አይቀርም፤ ይህን ስሌት በራሳችሁ ወረዳዎች ቁጥር ሠርታችሁ ይዛችሁ ግቡ።

አበሉ ደረጃ በደረጃ ይደግ። ጠፍጣፋ 3,000 ከሚሆን በመጀመሪያው ዓመት 2,000፣ በሁለተኛው 3,000፣ በሦስተኛው 4,000 ቢሆን የሦስት ዓመቱ ወጪ ለቆየው ሰው እኩል ነው፤ ቶሎ ለሚሄደው ግን ያነሰ ወጣ፣ ለመሄድ ለሚያስበው ደግሞ የሚተወው ነገር እያደገ ሄደ። ሁሉንም ሰብስቦ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ መስጠት ግን አልመክርም። የሦስት ዓመት ተስፋ በልቶ የሚያድር የለም፤ በዚያ ላይ በመሐል በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ገና ያልተከፈለው ነው።

ውሉ ላይ እንቆይ፤ ለብርቅ ሙያዎቹ አስፈላጊ መሆኑ አይቀርምና። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1724 መሠረት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ክፍል መመዝገብ አለበት። ተማሪው አዲስ አበባ ከሆነ እዚሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፍ ቀርቦ ይፈርማል ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ማህደር ውስጥ የገባ ወረቀት ፍርድ ቤት ስትደርሱ ያሳፍራችኋል። ሁለተኛው ወጥመድ ዋሱ ነው። በአንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በቁጥር ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። «ለሚደርሰው ኪሳራ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚለው የተለመደ አረፍተ ነገር ስለዚህ ዋጋ የለውም። «እስከ 240,000 ብር» ተብሎ ይጻፍ።

ከዚያ ቀመሩ። የሚመለሰው ዕዳ ጠቅላላ ወጪው ሲካፈል ለግዴታው ወሮች፣ ሲባዛ ባልተሠሩት ወሮች ይሁን። 240,000 ብር ወጥቶበት 48 ወር ግዴታ ያለበት ሰው እያንዳንዱ ወር 5,000 ብር ዕዳ ይቀንስለታል፤ 30 ወር ሠርቶ ቢለቅ 90,000 ይመልሳል። «ግዴታውን ሳይጨርስ ከለቀቀ ሙሉውን ይከፍላል» የሚለው ውል ኃይለኛ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። መሄዱ ላልቀረ ሰው ሁለት ወር ሠርቶም ሠላሳ ወር ሠርቶም ዕዳው አንድ ከሆነ፣ ሠላሳውን ወር ለምን ይሠራል? የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጠው የአገልግሎት ስኮላርሺፕ ውሉን ያፈረሰን ካልሠራው ጊዜ ጋር የተመጣጠነውን ወጪ ሦስት እጥፍ ከነወለዱ ያስከፍላል። እነሱ ማስከፈል የሚችሉበት መሣሪያ ስላላቸው ነው፤ እናንተ ማስከፈል የማትችሉትን ቅጣት አትጻፉ። ቀሪውን ዕዳ አዲሱ ቀጣሪ ከፍሎ እንዲወስደው ግን በግልጽ ፍቀዱ። አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል 90,000 ብር ከፍሎ ቢወስደው በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰው ታስተምራላችሁ፤ ተደብቆ ቢሄድ ባዶ እጃችሁን ናችሁ።

የግዴታው ጊዜ አቆጣጠርም በቃል ሳይሆን በወረቀት ይለቅ። ግዴታው መቁጠር የሚጀምረው ሥራ ከጀመረበት ቀን ነው። ክልሉ ከምረቃ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ክፍት መደብ ካላገኘለት ግን ግዴታው ይወርድለት፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ቢሮዎች ይጠሉታል፣ ነገር ግን ተመራቂው ሥራ ሳይሰጠው «አትሂድ» ተብሎ እንዳይቀመጥ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። የዓመት ዕረፍትና የወሊድ ፈቃድ እንደ ሥራ ይቆጠር፤ ያለ ደሞዝ ፈቃድ አይቆጠር። በክልሉ ውስጥ ከወረዳ ወረዳ መዛወር ቆጠራውን አያቋርጥ። ፀጥታ ጠፍቶ ከቦታው የተፈናቀለ ሰው ወደ ሌላ ወረዳ እስኪመደብ ያለው ጊዜ ይቆጠርለት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ካሰናበተው ዕዳው ይሰረዝ፤ በጥፋት ካልሆነ።

ዲግሪ መያዝን በተመለከተ፦ ለወጪ መጋራት ኦሪጅናሉ እየተያዘ ጊዜያዊው ይሰጣል፤ አሠራሩ ስለተለመደ ረቂቁ ውስጥ ሊገባ ይዳዳዋል። እኔ አልደግፈውም። ዲግሪው የተያዘበት ሰው ወደ ወረዳ አይመለስም፤ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ይፈልጋል። ክልሉ ባለሙያውን አጣ፣ ሙያውም ባለሙያውን አጣ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 32 የመዘዋወር፣ በአንቀጽ 41 ሥራ የመምረጥ መብት ስለሚሰጥ ውላችሁ ገንዘቡን እንጂ ሰውየውን እንደማያስር ረቂቁን የሚያዘጋጀው ሁሉ ሊያውቅ ይገባል።

አሁን ወደ ካንሳስ ግማሽ በግማሽ። የመምህርና የጤና ባለሙያ ደሞዝ ከወረዳ በጀት ነው የሚወጣው። ክልሉ አበሉን ሙሉ በሙሉ ከቻለው ወረዳው የለቀቀን ሰው ስም ከዝርዝሩ ለማውጣት አይቸኩልም፤ ገንዘቡ የእሱ አይደለማ። ሙሉ በሙሉ ወረዳው ይቻለው ከተባለ ደግሞ ሰው የሚሸሸው ድሃው ወረዳ መጀመሪያ ይወድቃል። ሩብ ያህሉን ወረዳው ቢያወጣ ስሙን በየወሩ ያጣራል፤ ሩብ ደግሞ አያሽመደምደውም። በጀታችሁ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የሦስት ዓመት ቃል በአንድ ዓመት በጀት ላይ አይቆምም። በቢሮ መመሪያ ከወጣ ኃላፊ ሲቀየር ይቀየራል፤ ቢያንስ በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ይቁም፣ ዝርዝሩ በደንብ ይውጣ፣ ቀድሞ ለገቡት ሰዎች ያገኙት መብት እንደማይነካም እዚያው ይጻፍ።

ቤትን በአጭሩ፦ ሩቅ ወረዳ ላይ ንጹሕ ክፍል፣ ውኃና መብራት ያለው መኖሪያ ከአበሉ በላይ ይሠራል። ግን ቤቱ ሰው ከለቀቀ በኋላ ለሌላ እንዲተላለፍ የሥራ መደቡ ይሁን እንጂ የሰውየው አይሁን።

ደግሞ አለ፣ ብር የማይጠይቅ። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ጠዋት የሚቆመውን ወጣት ተመልከቱ። ስክሪብቶና የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ ስልክ ቁጥርና የመዝጊያ ቀን ይገለብጣል፤ ዓይኑ በቅድሚያ የሚሄደው «ልምድ፦ 0 ዓመት» ወደሚለው ነው፣ ቀጥሎ «የሥራ ቦታ» ወደሚለው። የእናንተ ወረዳ ክፍት መደብ እዚያ ሰሌዳ ላይ የለም። የተለጠፈው ወረዳው ግድግዳ ላይ ነው፤ «ምዝገባ በአካል፣ ለተከታታይ አምስት የሥራ ቀናት» ይላል። ሥራ የሌለው ልጅ ለምዝገባ አንድ ጊዜ፣ ለፈተና ሌላ ጊዜ፣ ደርሶ መልስ የአውቶቡስና የአልጋ ከፍሎ አይመጣም። ተማሪው ሰኔና ሐምሌ ተመርቆ ማስታወቂያው ኅዳር ላይ ከወጣ ደግሞ በመሐል ያሉት ወራት የአዲስ አበባ ናቸው። የማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤታችሁ እዚህ ካለ ምዝገባውንና የጽሑፍ ፈተናውን እዚሁ አድርጉ፤ የቀጣዩን ዓመት መደብ ግንቦት ላይ፣ ተማሪው ገና ግቢ ሳለ አስታውቁ። የመጀመሪያ ደሞዙ ከሁለት ወር በላይ እንዳይዘገይም ተቀጣሪው ሳይነሳ የጡረታ መለያ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ እንዲያልቅ አድርጉ፤ በደሞዝ መዘግየት ብቻ ሻንጣውን ያነሳ ሰው በየትኛውም አበል አይመለስም።

ረቂቁን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሥራ ሥሩ። ያለፉትን 36 ወራት ፔሮል ከየወረዳው ሰብስቡና እያንዳንዱ አዲስ ተቀጣሪ ስሙ የገባበትንና የወጣበትን ወር በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ አምዶቹ ወረዳ፣ ሙያ፣ የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ፣ የገባበት ወር፣ የወጣበት ወር ብቻ ይሁኑ። ሰዎች በብዛት የሚለቁበት ወር ከዚያ ይታያል። አብዛኛው በስድስተኛው ወር አካባቢ የሚለቅ ከሆነ ችግሩ ያለው አቀባበሉና ቤቱ ላይ ነው፤ 24ኛው ወር አካባቢ ከሆነ ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቀው የአዲስ አበባ ማስታወቂያ ነው የሚወስዳቸው፣ የአበሉ ትልቁ ዕርከንም ከዚያ ወር አስቀድሞ፣ በ18ኛው ላይ መጀመር አለበት።